ታጁራ በጾም ወራት

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ሌቡ ጣቢያ በባቡር ተነሥተን፣ ድሬዳዋ ላይ አድረን ጅቡቲ የገባነው መሸት ሲል ነው። ከአዋሽ ወዲህ ሙቀቱ በየጣቢያው አንድ ልብስ ሲያስወልቀን መጥቶ፣ ደወሌ ላይ ፓስፖርታችን ማህተም ሲመታበት የባለቤቴ ካፖርትም ሹራብም ሻንጣ ገብተው አልቀው ነበር። ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ታክሲ ተከራክሮ መያዝ ግድ ነው። ሾፌሩ ገና ዋጋ ስንጠይቀው በአማርኛ መለሰልን። እዚህ ይህ ብርቅ አይደለም። ወደቡ የሚኖረው በእኛ ጭነት ነው፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመብራቱም ብዙ ድርሻ የሚመጣው ከእኛ አገር በተዘረጋ መስመር ነው።

እራት የየመን ዓሣ ቤት ገባን። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይገልጡትና በርበሬ ቀብተው በጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያወርዱታል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ይወጣል። ከትሪው የሚሰፋ ስስ ትኩስ ቂጣ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ የቤታችን አሮጌ ክርክር ተነሣ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የነቢያት ጾም አልተፈታም። እኔ ዓሣ በሁዳዴ እንጂ በዚህኛው ጾም አልተከለከለም ከሚሉት ወገን ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ደም ያለው ሁሉ ነፍስ ነው ትላለች። «ባሕር ዳር የምንሄደው በጾም መሆኑን እያወቅህ ቀኑን የመረጥከው አንተ ነህ» ብላ ቂጣዋን በቲማቲም ድልህ በላች። ቀኑን የመረጠው በእርግጥ አየሩ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም በዚህ ጠረፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከበረሃ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ አሸዋ ተሸክሞ ይመጣል። ለእረፍት የሚሆኑት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ናቸው። ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ አልሰማችኝም።

ሐሙስ

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ወደ ታጁራ ከተማ በሁለት መንገድ ይኬዳል። አንደኛው ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ በኩል ዞሮ በአሳል ሐይቅ መገንጠያ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ሁለተኛው ባሕሩን ቀጥ ብሎ ማቋረጥ ነው። መርከቡ በየቀኑ ስለማይሄድ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። እኛ በባሕር ሄደን በመኪና ለመመለስ ወሰንን፤ ይህንን ቅደም ተከተል ለማንም እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ከተማዋ የተሠራችው ከባሕር ለሚመጣ ሰው እንድትታይ ነው።

መርከቡ ላይ ከሰው የጭነቱ ይበልጣል። የዱቄት ከረጢት፣ የዘይት ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ ፍየሎች፣ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ቴሌቪዥን። ከወደቡ ከወጣን በኋላ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ፤ ከመሃል ላይ ዶልፊኖች ከመርከቡ ጎን ለጎን መዝለል ጀመሩ። ፍየሎቹን ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ቀና ብሎም አላያቸው። ባለቤቴ ግን ከናጋድ ጀምሮ ስታነሣው የነበረውን የታክሲ ሒሳብ እዚያው ተወችው።

በመጀመሪያ የሚታየው የጎዳ ተራራ ነው፤ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጥቁር ግድግዳ። ከሥሩ ቀስ እያለ አንድ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ሲቀርቡት ቤቶች ይሆናል። ታጁራን የሰባት መስጊዶች ከተማ ይሏታል። ከመስጊዶቹ ብዙዎቹ ትናንሽ፣ በኖራ የተቀቡና ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ሚናሬው ባይኖር ከጎረቤት ቤት አይለዩም። በጅቡቲ ካሉት ከተሞች ሁሉ አሮጌዋ ይህች ናት። የአፋር ሱልጣን መቀመጫ ስትሆን ሱልጣኑም እስከ ዛሬ «ዳርዳር» በሚል ማዕረግ ይጠራሉ።

ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ከውሃው ዳር ነው። የሚፎክርበት ነገር የለውም፤ ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ አልጋው ላይ አጎበር ተዘርግቷል፣ በሩን ሲከፍቱት ባሕር ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ፈጽሞ ዝም ትላለች። ዝምታውን የሚያፈርሰው ከጅቡቲ ከተማ ጫት ይዞ የሚመጣው ፈጣን ጀልባ ብቻ ነው። ጫቱ የእኛ የምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ጠዋት ተቀጥፎ እኩለ ቀን ገደማ ዋና ከተማዋ ይደርሳል፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ይገባል። ሴቶች በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ሲሸጡት ያለ አንዳች ጩኸት በአጭር ጊዜ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማንንም ሰው ስለማንኛውም ነገር መጠየቅ አይቻልም።

ወደ ማታ ሻይ ፍለጋ ስንወጣ ግን ዕድል ቀናን። ከገበያው ጀርባ ጠባብ ሻይ ቤት ያላት ሴት የባለቤቴን ነጠላ አይታ «እትዬ፣ ከየት ነው?» አለች። የባቲ ልጅ ናት። እዚህ የመጣችው በእግሯ ነው፤ ወደ የመን ልትሻገር አስባ፣ ገንዘቧ በደላላ እጅ አልቆ ቀረች። ይህን ሁሉ የነገረችን ስኳር እያማሰለች፣ የሌላ ሰው ታሪክ በሚመስል ድምፅ ነው። «ጋሼ ዓሣ ይበላሉ፤ ለእርስዎ ሽሮ አለኝ እትዬ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያመጡልኛል» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤተሰባችን ውስጥ ሰላም ወረደ።

ዓርብ

የጅቡቲ የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ይህን ማወቅ ለተጓዥ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ታጁራ የሚመጣባት «ነጭ አሸዋ» የተባለችው ባሕር ዳርቻ በእነዚህ ቀናት ጸጥ አትልም። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ ሲሆን በጀልባም በመኪናም ይደረሳል። እኛ በጀልባ ሄድን። ስንደርስ ከዋና ከተማዋ የመጡ ቤተሰቦች ድንኳን ተክለዋል፤ ጸጉራቸውን የተላጩ የፈረንሳይ ወታደሮች ኳስ ይራገጣሉ፤ ሦስት የተለያዩ ሙዚቃዎች ከሦስት አቅጣጫ ይጮኻሉ።

አሸዋው ስሙን ይመጥናል። ዙሪያው ሁሉ የከሰለ ድንጋይና የእሾህ ቁጥቋጦ ስለሆነ ንጣቱ እንግዳ ይመስላል። የሚገርመው ግን ያለው ከውሃው በታች ነው። የዛጎል ድንጋዩ የሚጀምረው ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ነው። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ተከራይቼ ገባሁ። ዋና የተማርኩት ሶደሬ፣ የለመድኩት ላንጋኖ ነው፤ ላንጋኖ ውስጥ ደግሞ የገዛ እጅህን አታይም። እዚህ ጭንቅላቴን ዝቅ ሳደርግ ከሥሬ ሌላ ከተማ ተዘርግቶ አገኘሁ፤ ድንጋዩን በምንቃሩ የሚቆረጥም አረንጓዴ ዓሣ (ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል)፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ጠፍጣፋ ዓሦች፣ ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት። ራቅ ብዬ ስሄድ መሬቱ በድንገት ጠፋና ከሥሬ ሰማያዊ ገደል ሆነ። እዚያ ጫፍ ላይ አንድ ኤሊ ያለ ምንም ጥድፊያ ቀዘፋ አልፋኝ ወደ ጥልቁ ወረደች። ጨዉ ግን አይጣል ነው፤ ማታ ሻወሩ ሥር ሆኜ ያቺን ሲፈልግ የሚመጣ ቧንቧ ለመንኳት።

ጀልባ ነጂው ዓሣ ነባሪ የሚያህለውን ነጥባም ሻርክ ለማየት ወደ አርታ በኩል እንዲወስደን ሐሳብ አቀረበ። ከኅዳር እስከ ጥር በባሕረ ሰላጤው ይሰበሰባሉ፤ ጥርሳቸውም ለሰው አይደለም፤ የሚመገቡት በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። ባለቤቴ ስሙን ሰምታ ተወሰነላት። አልሄድንም።

ቅዳሜ

ይህች ከተማ የባሕር ዳር መዝናኛ ከመሆኗ በፊት የሸዋ በር ነበረች፤ የእኛ የታሪክ መጻሕፍት ግን ስሟን በችኰላ ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍ ሳይቀር ገጸ በረከት አስጭኖ እዚህ ወረደ። ከግንቦት ተነሥቶ አንኮበር አካባቢ የደረሰው በሐምሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ በግብፅ ገዥ በኬዲቩ ስም ጦር ይዞ ከዚሁ ተነሥቶ ነበር፤ አውሳ ላይ በአፋሮች እጅ ከነሚስቱ ቀረ። የአውሳን ሜዳ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ከሁሉም ግን ያሳቀኝ የራምቦ ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ግጥሙን በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ለማድረስ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደረሰ። ግመል ጠፋ፤ ፈቃድ ዘገየ፤ አንዱ ሸሪክ ታመመና ሞተ፤ ሌላውም ሞተ። ነጭ አሸዋዋም ኤሊዋም እዚሁ እያሉ ሰውየው በጻፋቸው ደብዳቤዎች ከመማረር በስተቀር ምንም አልተናገረም፤ ከተማዋን የገለጻት ጥቂት መስጊድና ጥቂት ዘንባባ ያላት መንደር አድርጎ ነው። የተነሣው በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት ነው። በስንት መከራ እንጦጦ ሲደርስ ምኒልክ በዋጋው ተከራክረው፣ የሟቹን ሸሪክ ዕዳ ሳይቀር ከሒሳቡ ቆረጡበት። ያ ጠመንጃ በታጁራ ወርዶ፣ በአፋር ግመል ተጭኖ፣ በአሳል አልፎ ነው የወጣው። በዚያው መንገድ ወደ ታች ደግሞ የዝሆን ጥርስና ቡና ይወርድ ነበር። ሰውም ይወርድ ነበር፤ ከደጋው ተይዘው ወደ ዐረብ አገር የተሸጡት በዚህ ዳርቻ ጀልባ ላይ ተጭነዋል። ለዚህ ምልክት የሚሆን አንድ ድንጋይ እንኳ ፈልጌ አላገኘሁም።

የዛሬው ወደብ ከአሮጌው ከተማ ፈንጠር ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ በዋናነት የታሰበው ከአፋር ክልላችን ለሚወጣው ፖታሽ ነበር፤ በባልሆ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚዘልቀው አስፋልትም አብሮ የታሰበ ነው። ስናየው ክሬኖቹ ቆመዋል።

አሮጌው ዳርቻ ላይ መረብ ከሚጠግኑት መካከል ሽበታም አፋር «ቁጭ በል» አለኝ በአማርኛ። አንቱታ የለም፤ አፋር ንጉሥንም ቢሆን አንተ ነው የሚለው፤ ደስ ይለኛል። በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ላይ ሠርቷል፤ አማርኛውን የተማረው ከአለቆቹ ስድብ መሆኑን በኩራት ነገረኝ። ዘመዶቹ አንዱ አሳይታ፣ አንዱ አሰብ፣ አንዱ እዚሁ ነው። «ሦስት ፓስፖርት፣ አንድ ለቅሶ» አለኝ። ምጽዋን በልጅነቴ እንዳየሁ ነገርኩት፤ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ባሕሩ ከእኛ ሲሄድ አሰብ ላይ ምን ይባል እንደነበር ጠየቅሁት። መረቡን ወደ ጉልበቱ ሳብ አድርጎ «ዓሣው አልሰማም» አለኝ። ከዚያ በነጋታው ከልጁ ጋር ዓሣ ለማጥመድ እንድወጣ ጋበዘኝ።

እሑድ

የወጣነው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጀልባው ጠባብ፣ ከፋይበር የተሠራ፣ ከኋላው ያማሃ ሞተር የተገጠመለት ነው። ከመውጣታቸው በፊት ከዳርቻው ላይ በትንሽ መረብ ብር የሚመስሉ ደቃቅ ዓሦች ይይዛሉ፤ ማታለያው ይህ ነው። መንጠቆው በወፍራም የናይሎን ገመድ ላይ ይታሰርና ገመዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ይጠቀለላል። ዘንግ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ገመዱ እንዳይቆርጣቸው ከከመነዳሪ የተቀደደ ጎማ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ የሽማግሌው ጣቶች ግን ጎማም ሳይታሰርባቸው የጎማ ያህል ደንድነዋል።

የሚያጠምዱት መሬቱ ወደ ገደል በሚለወጥበት መስመር ላይ ነው። ቦታውን የሚያውቁት በመሣሪያ ሳይሆን የአንዱ መስጊድ ሚናሬ ከጎዳ ተራራ አንድ ሸንተረር ጋር ሲገጥም ነው። ገጠመ፤ ሞተሩ ጠፋ። ልጁ ገመዱን ለቀቀ፣ ቆጠረ፣ በጣቱ አዳመጠ። ከዚያ ድንገት በሁለት እጁ መሳብ ጀመረና አፉ የተከፈተ ቀይ ዓሣ ከእግራችን ሥር ወደቀ። ባራኩዳም ወጣ፤ ጥርሱን እንዳያሳርፍብን አናቱን በዱላ መቱት። አንድ ጊዜ ደግሞ ገመዱ ከበደና ወዲያው ቀለለ፤ ከመንጠቆው ጋር የወጣው የዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ሌላውን ሻርክ ወስዶታል። ሽማግሌው «ግብር ነው» ብሎ ጭንቅላቱን ለማታለያ ቆራረጠው።

ፀሐይ ከወጣ በኋላ እጁን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ ኦቦክን አሳየኝ፤ በዓይን አይታይም፣ አቅጣጫውን ነው። ከዚያ ወዲያ ባብ ኤል መንደብ ነው። ሰው የሚጭኑት ጀልባዎች የሚነሡት ከዚያ ጠረፍ ነው። በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) በዚያ አካባቢ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ሰው አልቋል፤ ተሳፋሪዎቹ ከየመን ተስፋ ቆርጠው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህን በዜና ሰምቼው ነበር። ሽማግሌው የነገረኝ ከዜናው የተለየውን ነው፦ ባሕሩ ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ በዚህ ወራት በጨለማ ከልክ በላይ ጭኖ የሚወጣ ሰው ባሕርን የማያውቅ ወይም ለሰው የማይገደው ነው።

ወደ ዳርቻ ስንመለስ ነጋዴው በረዶ የሞላ ሳጥን ይዞ ይጠብቃል። ምርጡ ዓሣ ሁሉ ወደ ዋና ከተማዋ ይሄዳል፤ ለታጁራ የሚቀረው ትንንሹ ነው። ለእኔ አንድ ቀይ ዓሣ በነፃ ሰጡኝ። የባቲዋ ልጅ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው። ባለቤቴ ሽታውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ከነቢያት ጾም ጋር ስትታገል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ነጭ አሸዋ ተመለስን። ድንኳኖቹ ተነቅለዋል፤ ወታደሮቹም የሉም። ባለቤቴ ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ አንገቷ ገብታ፣ እስኪመሽ አልወጣችም። ስለዚህ ቀን ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ታጁራ የሚሄድ ሰው ግን እሑድና ሰኞን ይዞ ይሂድ።

ሰኞ

የመልስ መንገዱን በላንድክሩዘር ያዝነው። አስፋልቱ ከባሕሩ ርቆ ወደ ምዕራብ ይወጣና ድንገት ከታች የጉቤትን ባሕር ያሳያል፤ ባሕረ ሰላጤው ጠብቦ በጥቁር ተራሮች መካከል የገባበት ኩሬ ነው። ከጉቤት እስከ አሳል ያለው መሬት እየተከፈተ ያለ ስንጥቅ ነው። በኅዳር 1978 (እ.ኤ.አ.) አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ እዚያው ፈንድቶ የፈሰሰው ድንጋይ ዛሬም አዲስ የተጠበሰ ይመስላል። አሳል ራሱ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ቀርበው ሲረግጡት ጨው ነው። አፋሮች ለዘመናት በግመል እየጫኑ ወደ እኛ ደጋ ያወጡት ይህን ጨው ነው። እኛ ፎቶ አንሥተን ወጣን፤ ሙቀቱ በታኅሣሥም አያስቆምም።

ተጓዦቹን ያየናቸው ከመገንጠያው በፊት ነው። ከእኛ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ወደ ታጁራ፣ በመንገዱ ጠርዝ በሰልፍ ይሄዳሉ። ቢጫ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ራስ ላይ የተጠመጠመ ፎጣ። ሾፌሩ በየቀኑ ስለሚያያቸው ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ባለቤቴ ናት ያስቆመችው። ውሃ አወረድን። አብዛኞቹ በኦሮምኛ የሚነጋገሩ የአርሲና የጅማ ልጆች ናቸው፤ ከኋላ የመጣው ግን በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለ። ጢም ገና አላቀመቀመም።

«ጋሼ፣ ታጁራ ስንት ይቀረናል?»

ሌሊቱንም ከሄዱ ነገ ማታ እንደሚደርሱ ሾፌሩ የነገረኝን ነገርኩት። ከገበያው ጀርባ የባቲ ልጅ ሻይ ቤት እንዳላትም ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ሽማግሌው የነገረኝን ብቻ ነበር፤ እሱኑ ደገምኩለት፤ ባሕሩ ጠዋት እንደሚረጋ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ፣ ከልክ በላይ የጫነ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ።

«የሚያሻግሩን ሌሊት ነው አሉን» አለ።

«ዋና ትችላለህ ልጄ?» አለችው ባለቤቴ።

«ሐይቅ ዳር ተወልጄ እንዴት አልችልም!» አለ፤ ቅር ያሰኘችው መሰለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰው ያንሳፍፋል የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት፤ ጨዉ ነው የሚያንሳፍፈው። ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። ባለቤቴ ለባቡር መንገድ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ ከነከረጢቱ አውርዳ ሰጠቻቸውና፣ ሾፌሩ ሳይመሽ ኬላውን እንለፍ እያለ ስለነበር ተሳፈርን።